እንደራሴውን የቋጠረች ሴት

ስለ አርበኞች የሚጻፈውን ባነበብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጦር ሜዳው አለ፣ ፈረሱ አለ፣ ጎፈሬው አለ፤ ከድሉ በኋላ ቁስሉን ማን ሲያጥብ እንደኖረ ግን የሚናገር የለም። ባንዲራው ሲሰቀል ቁስሉም አብሮ የዳነ ይመስላቸዋል። እንግዲህ እነሱ የሚያውቁትን ይጻፉ፤ እኔም የማውቀውን እጽፋለሁ። የማውቀው እንኳየሁን ነው። ጎንደር፣ አጣጣሚ ሚካኤል ሰፈር ጎረቤታችን ነበረች፣ ቅዳሜ ገበያ ጌሾ ትሸጥ ነበር፣ በከተማው ውስጥ ሹም ይፈራት እንደሆነ እንጂ እሷ ሹም አትፈራም ነበር።

እንኳየሁ የወገራ ልጅ ናት፤ ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ መንደር። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ግን ቀሐ ወንዝ ማዶ የሚሰማ። አባቴ ቄስ ነበርና «ይህች ሴት ወንድ ሆና ብትቀድስ ኖሮ ደወል ባላስፈለገን» እያለ ያሾፍባት ነበር። እሷም አንድ ቀን ሰምታ «አባ፣ እርስዎም ጌሾ ቢሸጡ ድምፅዎ ይከፈት ነበር» አለችው። አባቴ ከዚያ ወዲያ ስለ ድምጿ አላነሳም።

ጣሊያን ሲገባ ባሏ የሻው ጫካ ወረደ፤ እሷም ተከተለችው። ሴት ስንቅ እንጂ ጠመንጃ አትይዝም ያላት ሰው ይኖር እንደሆነ አላውቅም፤ ቢኖርም አልሰማችውም። ሊማሊሞ መንገድ ላይ የጣሊያንን መኪና አድፍጠው ሲጠብቁ የሻው ተመትቶ ወደቀ። ጠመንጃውን ከሥሩ ስባ አወጣችና መተኮስ ቀጠለች። «እንዴት አስቻለሽ?» ብትባል፣ «ለቅሶው ማታም ይደርሳል ብዬ ነዋ» ትላለች። ማታ ሲደርስም አላለቀሰችም፤ የሚሸከሙት ቁስለኛ ብዙ ነበር።

ከድሉ በኋላ አርበኛ ይመዝገብ ሲባል ጎንደር ወረደች። መዝጋቢው «ባልሽ ማነው?» አላት። ነገረችው፤ ጻፈ።

«እኔስ?» አለችው።

«አንቺማ ሚስቱ ነሽ።»

«እሱ የተኮሰበት ቦታ ሁሉ ተኩሻለሁ። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ እሱ ያልተኮሰበት ቦታ ተኩሻለሁ።»

ሰውየው ሳቀ። ለሟቹ ባሏ የተሰጠውን ሜዳይ አስረከባትና ቀጣዩን ጠራ። ሜዳዩን ለየሻው እናት ዳባት ላከችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ቆማ «አርበኛ ነኝ» ብላ አታውቅም። ይህን ትሕትና ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፤ ንቀት ነው። ጠይቃ ስለሳቁባት ሁለተኛ ላለመጠየቅ ቆርጣ ነው።

ወደ ወገራ ግን አልተመለሰችም። ጎንደር የቀረችው ለአያ ክንዱ ብላ ነው። አያ ክንዱ ከየሻው ጋር የዘመተ፣ ጥይት ወገቡ ገብቶ ሁለት እግሩን የወሰደበት ሰው ነው። ምላሱን ግን አልነካበትም። እሱና እሱን የመሰሉ ጥቂት ቁስለኞች፣ ጣሊያን የበቅሎ ሐኪም ያስቀምጥበት በነበረ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ውስጥ ተጠግተው ነበር። ከነፃነት በኋላ አንድ ትልቅ ሰው በፈረስ ሲያልፉ አይተዋቸው «ይህ ቤት የቁስለኞች ይሁን» ብለው ሄዱ። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ፤ አቧራው ላይ የተነገረ ቃል ነው። አያ ክንዱ «በቅሎ ይታከምበት የነበረ ቤት ነው፤ ጆሯችን እንዳያድግ እንጂ ሌላውስ ሸጋ ነው» ይል ነበር።

ሐኪም አይቷቸው የሚችለውን አድርጓል። ሲጨርስ ለእንኳየሁ፣ «ከእንግዲህ የሚያስፈልጋቸው ቤትና ሰው ነው» አላት። ሰው የተባለችው እሷ ናት፤ ቤት የተባለው ያ ነው። ጌሾ ሸጣ ታበላቸዋለች፣ ቁስላቸውን በጨው ውሃ ታጥባለች፣ ወገባቸው እንዳይላጥ ጧትና ማታ ታገላብጣቸዋለች። ስታገላብጣቸው ትሰድባቸዋለች፤ እነሱም ይሰድቧታል። እኛ ጎረቤቶቹ ስድቡ ሲቆም ነበር የምንደነግጥ።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሕዝብ እንደራሴ ይምረጥ ተባለ። እንደራሴ ምን እንደሆነ በደንብ የገባን ጥቂቶች ነበርን፤ አዲስ አበባ ምክር ቤት ገብቶ ስለ እናንተ የሚናገር፣ ሕግ የሚያወጣ ሰው ነው አሉን። ከእጩዎቹ አንዱ ግራዝማች ዋኘው ነበር። ዋኘው ገና ጢም ሳያበቅል በየሻው ጭፍራ ውስጥ መልእክት ያመላልስ የነበረ ነው። ከድሉ በኋላ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ቤትና መሬት አፍርቶ፣ ሰው ሆኗል። ምርጫው ሲቃረብ ቁስለኞቹ ዘንድ መጣና አያ ክንዱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አለቀሰ፤ የውሸት ለቅሶ አልነበረም፤ አየሁት።

«ምክር ቤት ከገባሁ ይህን ቤት ማንም አይነካውም። ቃሌ ነው» አለ።

እንኳየሁ በር ላይ ቆማ ነበር። «ሰምቻለሁ» አለች።

አያ ክንዱ ለምርጫው በቃሬዛ ሄደ። አራት ሰው ተሸክሞት ሲገባ «አስክሬን አይመርጥም» ብሎ ያሾፈ ጎረምሳ ነበር፤ አያ ክንዱም «አንተንስ ታዲያ ማን አስገባህ?» ብሎ መለሰለት። ዋኘው ተመረጠ። ሠፈሩ እልል አለ፤ እሱም ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

በተከታዩ ክረምት ምክር ቤቱ ለዕረፍት ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሹም ወደ ቁስለኞቹ ቤት መጣ። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሹም እንደነበረ አልናገርም፣ ስሙንም አልጠራም፤ ልጆቹ ደጋግ ናቸው። ቤቱን ዞሮ አየው፣ ግድግዳውን በከዘራው መታ መታ አደረገና «ጥሩ ድንጋይ ነው» አለ። ከዚያ «ቤቱ ለሕዝብ ጥቅም ይፈለጋልና ለመስቀል ልቀቁ» አላቸው። የሕዝብ ጥቅም ያለው የሚስቱ ወንድም ሊከፍተው ያሰበው ግራሞፎን ያለው ቡና ቤት ነው። ይህን ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር።

«ወዴት እንሂድ?» አለ አያ ክንዱ።

«ወደ ዘመዶቻችሁ።»

«ዘመድ የሌለውስ?»

«ዘመድ የሌለው ደጀ ሰላም አለለት» አለና ከዘራውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ።

ወገቡ የማይዞር ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድንጋይ ላይ ይተኛ ማለቱ ነው። እንኳየሁ ባትኖር ኖሮ ከመስቀል እስከ ጥር አይደርሱም ነበር፤ እሷ ብትኖርስ ሜዳ ላይ ምን ታደርግላቸዋለች? እሷም ይህን ስለምታውቅ ሹሙ ቢሮ ተመላለሰች። ደጅ ጠናች፣ ዝናብ መታት፣ ዘበኛ ገፈተራት። በመጨረሻ ሹሙ ራሱ በመስኮት አንገቱን አወጣና እንዲህ አላት፦

«ምነው አንቺ ሴትዮ፣ ለምን ታደክሚኛለሽ? እንደራሴያችሁ እንኳን ያውቃል። ከአዲስ አበባ እንደገባ እቤቴ ምሳ ጋብዤው ነግሬዋለሁ፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

ያን ቀን ስትመለስ አየኋት። አልጮኸችም። እንኳየሁ ዝም ካለች የሆነ ሰው ወዮለት ማለት ነው።

ቅዳሜ ገበያ ነበር፣ ነሐሴ፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ግራዝማች ዋኘው ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ነጭ ኩታ ደርቦ፣ ዣንጥላ ዘርግቶ፣ ሰላምታ እየተቀበለ በጨው ተራ በኩል ብቅ አለ። እኔ እዚያው ነበርሁ። እንኳየሁ ጌሾዋን እንደተዘረጋ ትታ ተነሣችና መንገዱ መሐል ቆመች።

«በሕግ አምላክ! አንድ እርምጃ እንዳትራመድ!»

ዋኘው ቆመ። በእኛ አገር በሕግ አምላክ ተብሎ የሚራመድ እግር የለም፤ ወይም ያን ጊዜ አልነበረም። እሷ ቀርባ የኩታውን ጫፍ ያዘችና ከራሷ ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጠረችው። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ደገመችው፣ በጥርሷም ሳበችው።

የዛሬ ልጆች አታውቁትምና ልንገራችሁ። ድሮ የተካሰሱ ሁለት ሰዎች ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ቁራኛ ይባላል። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ተከሳሹ የሚፈታው ዋስ ሲጠራ ነው። ዋስ የሆነውም እንዲያው ለወጉ አይቆምም፤ ተከሳሹ ያለበትን ቢያጓድል ዕዳው በዋሱ ላይ ይወድቃል። ቋጠሮው ጨርቅ ነው፣ ሕፃንም ይፈታዋል። ግን የሕግ አምላክ ተጠርቶበታልና ሰው ፊት የሚፈታው እጅ አይገኝም። በአርባ ዘጠኝና በሃምሳ ይህ ልማድ ጠፍቶ፣ ሽማግሌዎች ሲያወሩት ብቻ ነበር የምንሰማው። እንኳየሁ ግን የጠፋ መሆኑን አልሰማችም፤ ብትሰማም ግድ አልነበራትም።

አንድ ፖሊስ እየሮጠ መጣ። «ይህ ክልክል ነው! በአዲሱ ሕግ ሰው ሰውን አያስርም!»

«ሕግ የሚያወጣው ይኸውልህ አብሮኝ ታስሯል። እሱን ጠይቀው» አለችው።

ፖሊሱ ዋኘውን አየ፤ ዋኘው ጭቃውን አየ። ሰው መሳቅ ጀመረ። «እንግዲያ ይፍታው» አለች እንኳየሁ፤ «እጁን አላሰርሁትም። ክልክል ነው የሚል ከሆነ ይፍታውና ይሂድ።» የዋኘው እጅ ወደ ቋጠሮው ሄደና ተመለሰ። ሁላችንም አየን።

«እቴቴ እንኳየሁ» አለ በቀስታ፣ «ምን አድርጌ ነው?»

«ምሳ በልተህ ነዋ። ቃል ሰጥተኸኝ ነበር፤ ቃልህን ከሹሙ ጋር በላኸው። ቤቱን ልትመልስልኝ ነው ወይስ ዋስ ትጠራለህ?»

ዋስ መጥራቱ የሚቀል መስሎት ዋኘው ቀና አለ። የመረጠው ሕዝብ መሐል አይደለም እንዴ የቆመው? «ባዬ!» አለ፣ ጨው ሻጩን። «አንተ ታውቀኛለህ።»

«አውቅዎታለሁ ግራዝማች፤ ስለማውቅዎ ነው» አለ ባዬና ጨዉን በሻራ ሸፈነ።

ሌላ ጠራ። ሌላውም ፊቱን አዞረ። የአንዱን ልጅ ክርስትና አንሥቶለት ነበር፤ እሱም የአህያውን ጭነት ያጠብቅ ጀመር። እኔንም አየኝ። አልቆምሁለትም፤ ዛሬም ቢሆን አልቆምለትም። ያን ሁሉ ድምፅ ያገኘ ሰው አንድ ዋስ አጣ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ አሳዘነኝ፤ ደስም አለኝ።

«ዋስ ከሌለህ እንሂድ» አለች እንኳየሁ።

ዝናቡ ጀመረ። ዣንጥላውን ለራሱ ሊይዝ ሞከረ፤ ቋጠሮው አጭር ስለነበረ አንድ ዣንጥላ ሥር ተጠጋግተው ሊሄዱ ግድ ሆነ። እንደ ሙሽራ ነበር የሚመስሉት። ግማሹ ገበያ ተከተላቸው። ወደ ዳኛ ትወስደዋለች ብለን ስንጠብቅ ወደ ቁስለኞቹ ቤት ወሰደችው።

አያ ክንዱ ከአልጋው ሆኖ አያቸው፣ ቋጠሮውንም አየ። «ምነው ግራዝማች፣ አዲስ አበባ አንድ ኩታ ለሁለት ሆኗል የሚለበስ?»

ዋኘው አያ ክንዱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እንኳየሁም አጠገቡ ለመቀመጥ ተገደደች።

«ምሳው ምን ነበር?» አለ አያ ክንዱ።

«ዶሮ።»

«ሸጋ ነው። ዶሮ የጎረሰ አፍ ለመናገር አይመችም፤ አጥንቱ አለ።»

ዋኘው ያን ጊዜ ነገሩን ተናገረ። ምክር ቤት ውስጥ ተነሥቶ ስለ ቁስለኛ አርበኞች ተናግሯል፣ ጮኾ ተናግሯል፤ «ይታሰብበታል» ተብሎ ታልፏል። ሹሙ ቤት ምሳ ላይ ግን ዝም አለ። ሹሙ ብዙ ባለ መሬት ያውቃል፣ በሚቀጥለው ምርጫ ሊጥለው ይችላል። «ፈራሁ» አለ። «አዲስ አበባ ላይ መጮህ ቀላል ነው፣ ሰሚው ሩቅ ነው። እዚህ ግን ዶሮውን በእጄ ይዤ ፈራሁ።»

አያ ክንዱ «እንኳን ነገርኸኝ» አለው። እንኳየሁ እጇን ወደ ቋጠሮው ሰደደች፤ ልትፈታው ነበር። ዋኘው እጇን ያዛት።

«አትፍቺኝ እቴቴ። እንዲሁ ታስሬ ሹሙ ዘንድ እንሂድ። ያኔ የዋጥሁትን ዛሬ ልናገር።»

እኔ ስለዚህ ሰው ብዙ መጥፎ ነገር ልናገር እችላለሁ፤ ያን ቀን ግን ወንድ ነበር።

ሹሙ ቢሮ ደጃፍ ስንደርስ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሹሙ በረንዳ ላይ ወጥቶ የምክር ቤት አባል ከጌሾ ሻጭ ጋር ተቋጥሮ ሲያይ ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ለእንደራሴው አዝኖ አይደለም። እሱ በሚያስተዳድርበት ከተማ እንደራሴ በገበያ መሐል ታሰረ የሚለው ወሬ አዲስ አበባ ሲደርስ ታይቶት ነው። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ።

«ምንድን ነው ይህ ውርደት! ፍቺ አንቺ!»

«ዋስ ከጠራ እፈታለሁ። ዋስ አጥቶ ነው።»

«ዋስ? ዋሱ እኔ ነኝ! ፍቺ!»

ዋኘው ደንግጦ አያት፤ እንኳየሁ ግን አልቸኮለችም። «በምን ዋስ ትሆናለህ?»

«በጠየቅሽው ሁሉ!»

«ንጉሥ ይሙት በላ።»

«ንጉሥ ይሙት!»

ወደ ሕዝቡ ዞረች። ድምጿ ያን ቀን ቀሐን ተሻግሮ አዘዞ ሳይደርስ አልቀረም። «ሰማችሁ?»

«ሰማን!» አለ ሕዝቡ።

«እኔ የምጠይቀው የቁስለኞቹን ቤት ነው።»

ሹሙ የተማረ ሰው ነው፤ ሆኖም አባቱ የአገር ሽማግሌ ነበርና ዋስ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። በንጉሥ ስም ምሎ፣ ሊወስደው ለነበረው ቤት ራሱ ዋስ ገብቷል። ዋኘውም ጊዜ አልሰጠውም። «ዋሴ ነዎት» አለው ጮክ ብሎ፤ «እኔ ለእነዚህ ሰዎች ቤቱን ለማስከበር ቃል ገብቼ ነበር። እኔ ቢያቅተኝ ዕዳው የእርስዎ ነው። እቤትዎ ምሳ ላይ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ አሁን ነገርሁዎት።»

ሹሙ ወዲያ ወዲህ ተመለከተ፤ ፖሊሱ እንኳ እየሳቀ ነበር። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ብልጠቱን አወጣ፤ «መልካም። የቆሰለ አርበኛ በውስጡ አንድም ቢሆን እስካለ ድረስ ቤቱ አይነካም። ባዶ የሆነ ቀን ግን የመንግሥት ነው። ይህንንም ስሙ» አለ። ቁስለኞቹን አይቷቸዋልና ብዙ እንደማይቆዩ አስቦ ነው። እንኳየሁ «ሰምተናል» አለችና ቋጠሮውን ልትፈታ ጎንበስ አለች። ዝናብ ጠጥቶ ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ ነው የፈታችው።

ከዚያ በኋላ ዋኘው ሌላ ሰው ሆነ እንዳልል፣ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። ግን ሠራ። ምክር ቤት ውስጥ ስለ ቁስለኞች ሲናገር፣ ሲናገር፣ «ይታሰብበታል» ሲሉት ተመልሶ ሲናገር፣ በመጨረሻ ፋሻና መድኃኒት ይዞ በየሳምንቱ የሚመጣ ድሬሰር አስመደበ። በየክረምቱ በበቅሎ ወደ ደጋው እየወጣ፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ በየጓዳው የተረሳ ቁስለኛ ይፈልግ ነበር። ሰውም ያገኘውን ሁሉ ይነግረው ጀመር፤ የድልድይ ነገር፣ የግብር ነገር፣ ወንዝ ስለወሰደው ማሳ። ሁሉንም ቆሞ ይሰማል። «ኩታህን እንዳይቋጥሩብህ ፈርተህ ነው» እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ እሱም «አዎን» ይላል። ከዛሪማ አንድ ዓይነ ስውር አርበኛ ሊማሊሞን በበቅሎ አሻግሮ አምጥቶ ለእንኳየሁ አስረከበ። «አሁንስ የገበያ ዕቃ አስመሰልኸኝ» አለችው፤ ሰውየውን ግን አልጋ ሰጠችው።

በሁለተኛው ምርጫ ዋኘው ወደቀ። እንደፈራው ባለ መሬቶቹ ጣሉት። የሚወደው መኪናና የሚወደው አዲስ አበባ ቀረበት፤ አዘነ፣ ተናደደም። ወደ ቁስለኞቹ ቤት መምጣቱን ግን አላቆመም።

ሹሙም ይጠብቅ ነበር። ቁስለኛ በሞተ ቁጥር የሐዘን መልእክተኛ ይልካል። መልእክተኛው «እግዜር ያጥናችሁ» ይልና ዓይኑ አልጋ ይቆጥራል። እንኳየሁ ታየው ነበር። «አለቃህ ደኅና ነው? ዕድሜ ይስጠው፤ ዋሳችን ነው» ትለዋለች። ከዛሪማ የመጣው ሞተ፣ ሌሎቹም ተራ በተራ ሄዱ። ደጋው ላይም ቁስለኛ እያለቀ ነበር፤ ዋኘው ባዶ በቅሎ እየሳበ መመለስ ጀመረ። መጨረሻ ላይ አያ ክንዱ ብቻ ቀረ።

አያ ክንዱ በራሱ አልጋ ላይ፣ በደረቅ አንሶላ ላይ፣ ጀርባው ሳይላጥ ሞተ። ወገቡ የተሰበረ ሰው ያን ያህል ዓመት ኖሮ ጀርባው አልተላጠም፤ ይህን ማንም ታሪክ አይጽፈውም። እንኳየሁ ያን ቀን አለቀሰች። ለየሻው ያላለቀሰችውንም ጨምራ ይመስለኛል፤ ያስፈራ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ዝም ብሎ ቆሞ ሰማት።

በሠልስቱ ቀን ሐዘንተኛው ቤቱን ሞልቶ ሳለ ሁለት ሰዎች ከሹሙ ዘንድ የበር ጓጉንቸር ይዘው መጡ። ትንሽ እንኳ አላፈሩም። «ቤቱ ባዶ ሆኗል። የተባለው ቃል ይፈጸም» አሉ።

ዋኘው ተነሣ። «እባካችሁ ሐዘን ቤት ነው፣ ቢያንስ አርባው እስኪወጣ...» እያለ ሊለምን ጀመረ። እንኳየሁ እጇን አንሥታ አስቆመችው። ከመደቡ ወርዳ በሰዎቹ መሐል አልፋ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች፤ አያ ክንዱ አልጋ ላይ ወጣች፣ ጋደም አለች። ከዚያ በሐዘንተኛው ሁሉ ፊት የቀሚሷን አንገት ወደ ታች ሳበችው። ከግራ ትከሻዋ በታች፣ ሥጋው ገብቶ ቡጢ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ሆኗል፤ ቆዳው ተጨማዶ እንደ ተቋጠረ ጨርቅ። ያን ያህል ዘመን ጎረቤቷ ስሆን አላየሁትም። በዚያ ትከሻ ነው ሰው ስታገላብጥ የኖረችው።

«ባዶ አይዶለም» አለች።

ጓጉንቸር የያዘው ሰውዬ ተንተባተበ። «እማማ... የተባለው የቆሰለ አርበኛ ነው። እርስዎ አርበኛ መሆንዎን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ ዋኘው። «ሊማሊሞ ላይ ቁስሏን በገዛ ነጠላዋ ያሰርሁት እኔ ነኝ። እንዳልናገር አስምላኝ ነው። መሐላውን አፈረስሁ እቴቴ፣ ይቅር በይኝ።»

እንኳየሁ ሰዎቹን ብቻ ትመለከት ነበር። «እግዜር ያሳያችሁ፣ ንጉሥ ይሙት ያለው አለቃችሁ ነው። ሂዱና ዋሴን ጥሩልኝ። ራሱ መጥቶ ይይና ይዝጋው።»

ሄዱ። ሹሙ አልመጣም፤ በማግሥቱም አልመጣም፣ ከዚያም በኋላ አንድም ቀን በዚያ ሰፈር አላለፈም።

እንኳየሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጌሾዋን እየሸጠች፣ ማታ ማታ በዚያ አልጋ ላይ እየተኛች፣ ከሹሙም ከዋኘውም በላይ ኖረች። መዝገቡን ሄጄ አይቻለሁ፤ ዛሬም የየሻው ሚስት ተብላ ነው የተጻፈች፣ ሌላ መስመር የላትም። ቤቱ ግን እሷ እስክትሞት ድረስ ባዶ አልሆነም።